ዜና ዘመቻ ዘመምህር ይሄነው፥ ሠላሳ ተማሪ ለመሙላት ድንች የኮተኮተ

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፥ በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፥ ርዕሰ መምህር ክንዴ በወንበሩ በተቀመጠ በአራተኛው ዓመት፥ አዲሱ መጸዳጃ ቤት በተመረቀ በሁለተኛው፥ ኔትወርክ ከኮረብታው ጫፍ በቀር በየትም በማይገኝበት ዘመን፥ መምህር ይሄነው ዘዳንግላ፥ የጠመኔ ጌታ፥ የዝምተኞች አንደበት፥ ቁመቱ አጭር ተስፋው ረጅም፥ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ሹም ሆኖ ሳለ ያደረገውን እንጽፋለን። የጦር ዜና የሚሻ ሌላ መጽሐፍ ይግለጥ፤ ይህ የድንችና የጠመኔ ዜና ነው። ነገር ግን የፈሰሰው ላብ ከጦር ሜዳው አያንስም፤ ያየነውን ነው የምንጽፈው።

የሹመቱም ነገር እንዲህ ነበር። የዚያ አገር ልጆች እስከ ስድስተኛ ክፍል በእናታቸው ቋንቋ በአገውኛ ሲማሩ ይኖሩና ሰባተኛ ሲደርሱ ሂሳቡም ሳይንሱም በአንድ ሌሊት እንግሊዝኛ ለብሶ ይጠብቃቸዋል። አማርኛውን ከገበያም ከትምህርት ቤትም ለቃቅመውታል፤ እንግሊዝኛውን ግን ከየት ያምጡት? ይሄነውም አገውኛ አያውቅም ነበርና አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከእርሱ አፍ ተነሥቶ በአማርኛ በኩል ዞሮ ልጆቹ ጋ እስኪደርስ ሁለት ተራራ ይወጣል፤ ሲደርስም ደክሞት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ማጠናከሪያ ይሰጥ ተብሎ አርባ መጽሐፍ፥ አንድ ቴፕና አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ተላከ። ቅዳሜ ደግሞ የገበያ ቀን ነው፤ ልጁ አህያ ይነዳል፥ ልጅቱ ዶሮ ታቅፋ ትወርዳለች። የይሄነው ሠራዊት በመጀመሪያው ቅዳሜ ሃያ፥ በሁለተኛው አሥራ አንድ፥ ከገና ወዲህ ሰባት ሆነ፤ ከሰባቱም ሁለቱ የሚመጡት ቴፑን ለማየት ነበር።

በጥር ወር መጨረሻ ከወረዳ አዋጅ ወረደ፤ ማኅተሙ ክብ፥ ቃሉ ደረቅ፤ እንዲህም ይል ነበር፦ «ቅዳሜ የካቲት ፳፪ ቀን ሱፐርቫይዘር አድማሴ በአካል ተገኝተው ይቆጥራሉ። በክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ተማሪ ካልተገኘ ማጠናከሪያው ይታጠፋል፤ መጽሐፉም ቴፑም ሠላሳ ለሚሞላ ትምህርት ቤት ይሰጣል።» ርዕሰ መምህር ክንዴም ደብዳቤውን እጥፍ አድርጎ «ይውሰዱት፤ ከአቧራ በቀር ማን ተማረበት?» ሲል በመምህራኑ ፊት አወጀ፥ ብዙዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይሄነው ግን አንዲት ልጅ አሰበ። እህተማርያም የምትባል የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ መዝገበ ቃላቱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ በደብተሯ ስትገለብጥ ሦስተኛው ፊደል ላይ ደርሳ ሳለ፥ ከጥምቀት ወዲህ አባቷ ለገበያ ፈለጋትና ቀረች። አሁን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከንፈሯን ገጥማ ስትቀመጥ ያያታል። እርሱም ዘጠነኛ ክፍል ሳለ እንግሊዝኛው ከብዶት አንድ ዓመት ሙሉ አፉን ሳይከፍት ከርሟልና፥ አፍ እያለው ዲዳ መሆን ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ማጠናከሪያው ከታጠፈ ይህቺ ልጅ ስምንተኛን አታልፍም፤ ይህ ለእርሱ እንደ ፀሐይ የታወቀ ነገር ነበር።

ወእምዝ ይሄነው ተነሣ፤ ጫማውን ጠረገ፤ የባዮሎጂ መምህርቷን ዘውድነሽን፥ የገበሬ ልጅ፥ የሁለት ቋንቋ ባለቤት፥ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፥ አስከትሎ ወደ ሽባባው ደጅ ወጣ። ሽባባው ማለት የእህተማርያም አባት፥ የመንደሩ የወንፈል አባት፥ የድንች ባላባት፥ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው፤ አማርኛ የገበያውን ያህል ያውቃል፥ ሲቆጣ ግን በአገውኛ ነው። ይሄነው ስለ እንግሊዝኛ ጥቅም አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ፤ ሽባባውም ዓይኑን ከማሳው ሳይነቅል አዳምጦ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «መምህር፥ አፍህ ይጣፍጣል፤ ነገርህም ክፉ አይደለም። ግን ቅዳሜ ልጄን ከወሰድህብኝ ገበያዬን ማን ይወጣልኛል? እኛ አገር ቀን በቀን ይመለሳል እንጂ በምክር አይመለስም። የሰው ቀን የሚፈልግ፥ ቀኑን ይዞ ይምጣ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «እምቢ አለኝ» ብሎ ቤቱ ገብቶ ይተኛ ነበር። ይሄነው ግን መንገዱን አጋምሶ ሳለ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ዘውድነሽ እባብ ያየ መስሏት ዘለለች። ቀን በቀን! ወንፈል እኮ የዚያ አገር ሕግ ነው፤ ዛሬ አንተ በእኔ ማሳ፥ ነገ እኔ በአንተ ማሳ፤ የወንፈል ቀን የበላ ሰው በቀብር እንኳ ከዳር ነው የሚቆመው። የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ሁለት ሳምንት አለ፤ በመስኖ የተተከለው ድንችም ለኩትኳቶ ደርሷል። ሄዶ ቢኮተኩትላቸው፥ እነርሱም ቀኑን ቅዳሜ የካቲት ፳፪ ቢመልሱለት፥ ሠላሳው ሞላ ማለት አይደለምን? ነገሩ ሁሉ የተቃና ነበር፤ እንቅፋቱ አንድ ብቻ፤ ይሄነው የልብስ ሰፊ ልጅ፥ የከተማ ሰው ነውና በዕድሜው ዶማ ይዞ አያውቅም።

በማግስቱ እንደ ደወል የሚያገለግለውን የተሰቀለ ቸርኬ አስመትቶ በመምህራን ማረፊያ አዋጅ አስነገረ፦ «ያልሰማህ ስማ፥ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የእንግሊዝኛ ደጅ ሲዘጋ ማየት የማትሻ፥ ሰኞ ዶማህን ይዘህ ተከተለኝ! የማትመጣ ግን ከእንግዲህ ጠመኔ አላበድርህም!» ከአሥራ ዘጠኙ መምህራን ለአንዱ የወገብ ሕመሙ ተነሣበት፥ ለአንዱ የአጎቱ ልጅ ሠርግ ትዝ አለው፥ ሌላውም ዳንግላ ጉዳይ እንዳለው የዚያን ቀን ነው ያወቀው። የተከተሉት ግን ስማቸው ይኸው ይጻፍ፦ በቀኝ ክንፍ ዘውድነሽ፥ እስክርቢቶም ዶማም እኩል የምትይዝ፤ በግራ ክንፍ ዘበኛው ገብረ ማርያም፥ ላረፈደ ተማሪ በር የማይከፍት፤ በመሐል የቤተ መጻሕፍቱ ውብአየሁ፥ «ጸጥታ!» በማለት ስሙ የወጣ፤ ደጀኑም ባለሱቁ ሀቢብ፥ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት የሚነግድ፥ እርሱ ዳቦና ምክር አቀበለ እንጂ ዶማ አልነካም። ይሄነውን ጨምሮ ተዋጊው አራት ነበር፤ በቃ፥ ይህን ያህል ነው።

ሰኞ የካቲት ፫ ቀን ዘመቻው ተጀመረ፤ በየቀኑም ለአራት ቤት ቀን እየሰጡ በአራት ማሳ ተበተኑ። የይሄነው የመጀመሪያ ግንባር የእመቤት ማሳ ሆነ፤ እርሷ ባልቴት፥ ጨዋታ አዋቂ ናት። ጀግናውም ዶማውን ወደ ሰማይ አንሥቶ፥ በሙሉ ኃይሉ ሰንዝሮ፥ አረሙን ትቶ ድንቹን ቆረጠ፤ ደገመ፥ ሌላ ድንች ቆረጠ። ሦስተኛውን ሲያነሣ እመቤት ከማሳው ዳር ሆና እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ኧረ መምህር፥ ጠላታችን አረሙ ነው! ድንቹስ ምን በደለህ?» ከዚያ ወዲያ ጎንበስ ብሎ አረምና ድንች እየለየ፥ አፈሩን ለግንዱ እያስታቀፈ፥ እስከ ማታ ሠራ። በሁለተኛው ቀን መዳፉ ውሃ ቋጠረ፤ በሦስተኛው ወገቡ ከእርሱ ተለይቶ ራሱን የቻለ ፍጡር ሆነ፤ በአራተኛው የቋጠረው ፈነዳ፥ በጨርቅ ጠቅልሎ ቀጠለ። ዓርብ የሥላሴ፥ የሚቀጥለው ረቡዕ የሚካኤል በዓል ሆኖ ዶማ ባልተነሣ ጊዜ፥ ሥላሴንም ሚካኤልንም እንደዚያ ከልቡ አመስግኖ አያውቅም።

ስምንት የሥራ ቀን ለአራት ሰው ሠላሳ ሁለት ቀን መጣ፤ ሠላሳ ሁለት ቤት ባለዕዳ ሆነ። ሦስቱ ዘማቾች የየማሳቸውን ሰው «ቀኑ መቼ እንደሚመለስ መምህር ይሄነው ይነግራችኋል» ይሉ ነበር፤ እርሱም ሲመሽ በየቤቱ እየዞረ፥ መቆም አቅቶት ምሰሶ እየተደገፈ፥ ያንኑ አዋጅ ይነግራል፦ «ቀኑን ስትመልሱልን ቅዳሜ የካቲት ፳፪፥ በትምህርት ቤቱ፥ ቸርኬው ሲመታ ይሁን!» ሁሉም «ይሁን» አሉ፤ ሽባባውም «ይሁን» ብሎ እጁን መታለት። ይሄነው ግን ልጆቻችሁን ላኩ አላለም። ምን ብሎ ይበል? ለትምህርት ቤት ልጅ እንጂ ሌላ ምን ይላካል ብሎ ነው! አይ የከተማ ሰው! የወንፈልን ሕግ ግማሹን ሰምቶ ግማሹን አልጠየቀም።

ቅዳሜ የካቲት ፳፪ ቀን፥ በጾሙ መጀመሪያ ቅዳሜ፥ ሁለት ሰዓት ሲሆን ገብረ ማርያም ቸርኬውን መታ። ይሄነውም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። ከኮረብታው ጀርባ ሰው ብቅ አለ፤ ሁለት፥ አምስት፥ አሥር፥ ሰልፉ እየረዘመ መጣ። መጀመሪያ ደስ አለው፤ ቀጥሎ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። የሚመጡት ሽማግሌዎች፥ ጎልማሶች፥ እናቶች ነበሩ፤ ሁሉም ዶማ ተሸክመዋል፥ እመቤትም መሐል አለች። ልጅ የሚባል አንድም የለ። ለጎልማሳ ቀን ሕፃን መላክ በዚያ አገር ነውር ነውና፥ የበሰለ ሰው የሠራላቸውን ቀን በበሰለ ሰው ሊመልሱ ራሳቸው መጡ፤ ልጆቻቸውን አህያውንና ዶሮውን አስይዘው ወደ ገበያ ሰደዋቸዋል። ዘውድነሽ ይህን ባየች ጊዜ ሳቋ አላስቆም ብሏት መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ወዲያው ግን ተነሥታ ሁለት ትልቅ ድስት ድንች ጣደች፤ ወንፈል የጠራ ያበላልና።

ገብረ ማርያም ሠላሳ ሁለቱን ዶማ ተቀብሎ በበሩ እንደ ጦር ደርድሮ አቆመ። ይሄነው የሚያደርገውን አጣ። ሱፐርቫይዘሩ በሁለት ሰዓት ይደርሳል ተብሎ ነበር፥ አልደረሰም፤ ባለዕዳዎቹን ልጆቻችሁን አምጡ ቢላቸው ልጆቹ ገበያ ናቸው፤ ሂዱ ቢላቸው ስድብ ነው። ስለዚህ እንደ ጀግና ልማድ ወደ ፊት ሄደ፤ አስገባቸው፥ ጉልበታቸው ጆሯቸው ጋ እስኪደርስ በትንንሾቹ ወንበሮች አስቀመጣቸው፥ ሰሌዳው ላይም ኤ ብሎ ጻፈ።

እነርሱም በያዙት ሥራ አያላግጡም። በማሳ እንደለመዱት መስመር ለይተው፥ አንዱ መስመር ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ፥ ፊደሉን በሥራ ዜማ አዘሙት፤ ውብአየሁ «ጸጥታ!» ለማለት አፉን ከፈተና ዜማው ወሰደው፥ አብሮ ተቀበለ። ይሄነው አንዱን ነጥሎ ሲጠይቅ ደግሞ ሁለቱ ጎረቤቶቹ ይመልሱለታል፤ በወንፈል የደከመ ሰው መስመሩ ባዶ አይቀርም፥ ግራና ቀኙ ይኮተኩቱለታል እንጂ። ይህ በፈተና ሕግ ኩረጃ ነው፤ ይሄነው ግን ልጆቹን ለምን በዚህ መንገድ አላስተማርኩም ብሎ ተቆጨ።

አራት ሰዓት ሲሆን በአክብሮት አሰናበታቸው። ማንም አልተነሣም። ሽባባው ብቻ ቆሞ እንዲህ አወጀ፦ «መምህር፥ አንተ ማሳዬ የመጣኸው ከፀሐይ ጋር ነው፥ የሄድኸውም ከፀሐይ ጋር። ለሙሉ ቀን ግማሽ ቀን መልሶ ሄደ የሚለኝ ልጅ አልወልድም። ሥራህን አምጣ!» ይሄነውም ሥራውን አመጣ፤ ቁጥር አስተማረ፥ የአካል ክፍል አስተማረ፥ የሳምንቱን ቀናትና ወራቱን አስተማረ፥ ድንችን «ፖቴቶ» ብሎ አስተማረ፥ ሁሉም ፖቴቶ ማለት ድንች መሆኑን ሲሰሙ በጋለ ስሜት ዘመሩት። ስድስት ሰዓት ላይ ድንቹ ወጣ፥ ሀቢብም በትልቅ ማንቆርቆሪያ ሻይ ይዞ መጣ፤ ጠላ የሌለበት ወንፈል አይተን አናውቅም የሚል ማጉረምረም ከኋላ ቢሰማም፥ ሻዩ ስኳር ስለበዛበት ሰላም ወረደ። ከምሳ በኋላ ይሄነው የሚያስተምረው አልቆበት በላብ ተጠምቆ ነበር።

ስምንት ሰዓት ገደማ ልጆቹ ከገበያ ተመለሱ፤ አባት የለ፥ እናት የለ፥ ቤቱ ዝግ። ፈልገው ፈልገው መጥተው በመስኮቱ ሲያዩ፥ ለካ ወላጆቻቸው ተማሪ ሆነዋል! ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑ። በዚያን ሰዓት ሽባባው ሰሌዳው ፊት ቆሞ ነበር፤ አንዲት መስመር እንዲያነብ ታዝዞ፥ ጠመኔውን እንደ እንቁላል ይዞ፥ ፊቱ ቀልቷል። ጎረቤቶቹ ሊረዱት አልቻሉም፥ እነርሱም አላወቁትም። ድንገት ከመስኮቱ አንዲት ቀጭን ድምፅ ያቺን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበቻት፤ አላቆመችም፥ ከሥር ያለውንም፥ ከዚያ ሥር ያለውንም አነበበችው። እህተማርያም ነበረች።

ሽባባው ዞሮ አያት፤ ልጁን ከተወለደች ጀምሮ የሚያውቃት ሰው እንግዳ እንዳየ ሁሉ አያት። ከዚያም በአገውኛ፥ ሳይቆጣ፥ አወጀ፤ ዘውድነሽም ለይሄነው ተረጎመችለት፦ «ይህ ሁሉ በልጄ ራስ ውስጥ ነበር ወይ? እኔ በዚህ ራስ ላይ ነው ጆንያ የጫንኩት?» ጠመኔውንም በመስኮት አቀበላት፤ ደክሞት ዶማውን ለልጁ እንደሚያቀብል አባት አቀበላት። ያን ጊዜ ሌሎቹም ወላጆች ልጆቻቸውን በስም እየጠሩ በየአጠገባቸው አስቀመጡ፤ ልጅ ያነብባል፥ አባት ይከተላል፥ እናት ትስቃለች። ይሄነው ወደ ሰሌዳው ዞሮ ለረጅም ጊዜ የሚያጠፋው ነገር ፈለገ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱፐርቫይዘር አድማሴ ደረሰ። የተሳፈረበት ሚኒባስ ጥሊሊ ላይ ጎማው ፈንድቶ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሏል፤ አቧራ ለብሷል፥ አንጀቱ አሯል፥ ከአራት ሰዓት በኋላ ሰው ይኖራል ብሎም አልመጣም። በሩን ሲከፍት ግን ስድሳ አንድ ሰው ተነሥቶ በአንድ ድምፅ «ጉድ አፍተርኑን» አለው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ነገሩን ከተረዳ በኋላ ግን አድማሴ አድማሴ ነውና እንዲህ አወጀ፦ «ወላጆችን አከብራለሁ። ደብዳቤው የሚለው ግን ተማሪ ነው።» ልጆቹንም በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ፤ ሃያ ዘጠኝ። ደግሞ ቆጠረ፤ ሃያ ዘጠኝ። ይሄነው ሦስተኛውን ቆጠራ ሊያይ አልቻለም፤ የፈነዳው መዳፉ፥ የተቀጠቀጠው ወገቡ፥ ስምንቱ ቀን፥ በአንድ ልጅ ጎድሎ ሊቀር! ጠረጴዛውን ያዘ።

ሽባባው ከመጨረሻው ወንበር ተነሣ፤ ጉልበቱ ተጣብቆ ነበርና ሁለት ሰው ደገፈው። አወጀም፦ «ጌታው፥ ሠላሳኛው እኔ ነኝ። ይጻፉኝ።» አድማሴም እስክርቢቶውን ወደ ላይ ይዞ «ተማሪ ከሆኑ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ይናገሩ» ሲል አዘዘ። ግራና ቀኙ እንደ ልማዳቸው ሊመልሱለት አፋቸውን ከፈቱ፤ ሽባባው ግን እጁን አንሥቶ ከለከላቸው፤ በወንፈል ታሪክ መስመሬን ለብቻዬ ልጨርስ ያለ ሰው ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነው። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ሰሌዳውን አየ፥ ይሄነውን አየ፥ በመጨረሻም እጁን በእህተማርያም ራስ ላይ አድርጎ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣ «ሺ ኢዝ ማይ ቲቸር» አለ። መምህሬ እርሷ ናት ማለት ነው። አድማሴም ጎንበስ ብሎ በቅጹ ላይ ጻፈ፦ «ሽባባው፥ ዕድሜ ሃምሳ አራት፥ ክፍል ሰባተኛ።» ከሥሩም ሠላሳ ብሎ ደምሮ ፈረመበት።

ወእምዝ ሽባባው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ለመንደሩ አዋጅ ነገረ፤ ከእንግዲህ ገበያውም በወንፈል ይሁን፥ አንዱ የአምስቱን ቤት ድንችና ዶሮ በየተራ ይዞ ይውረድ፥ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ይውጡ አለ፤ ሁሉም «ይሁን» አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ፥ የካቲት ፳፱ ቀን፥ ቸርኬው ሳይመታ አርባ አንድ ልጅ በሩ ላይ ተገኘ። ከኋላቸውም ሽባባው ዶማ ሳይይዝ ደብተር ይዞ መጣ። የሚመልሰው ቀን አልነበረበትም፤ ከማንም ዕዳ የለበትም፤ እንዲሁ መጣ። ይሄነው ይህን ባየ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰና ጠመኔ ዓይኔ ገባ አለ፤ ጠመኔ ግን ገና ከሣጥኑ አልወጣም ነበር።

እንግዲህ ክብር ለመምህር ይሄነው ዘዳንግላ ይሁን፥ ለድንች ገዳዩ፥ ለአረም ድል አድራጊው፥ ስለ አንዲት ልጅ አፍ ወገቡን ለሰጠው! ነገሥታት ከተማ ይዘዋል፥ ደጃዝማቾች አምባ ሰብረዋል፤ የሃምሳ አራት ዓመት ገበሬ በገዛ ፈቃዱ፥ በገበያ ቀን፥ በሰባተኛ ክፍል ወንበር ያስቀመጠ ግን እርሱ ብቻ ነው። ዘመኑ ይርዘም፥ ሠራዊቱ ይብዛ፥ ወገቡንም እግዜር ያቃናለት፤ ድንቹ ለሁለተኛ ኩትኳቶ ደርሷልና።